ጣሳ ውስጥ የበራ አየር

ሚያዝያ 2፣ ሐሙስ። ከሰዓት በኋላ

ዛሬም አልበራም። ማግኔትሮኑ ጋለ፣ ማራገቢያው ጮኸ፣ ጣሳው ዝም። የመቃኛውን ብሎን ትንሽ ወደ ውስጥ፣ ትንሽ ወደ ውጭ። ምንም። ከዚያ መብራት ጠፋ። ደስ አለኝ ማለት ይቻላል፤ ቢያንስ ዛሬ ጥፋቱ የኔ አልሆነም።

ደብተሬ፣ አንቺ ፊዚክስ አልተማርሽምና ባጭሩ ልንገርሽ። ሎጊያ ገበያ ላይ ከጅቡቲ የመጣ፣ በሩ የተሰበረ ማይክሮዌቭ ምድጃ አግኝቼ ማግኔትሮኑን አወጣሁ። ሞገድ የሚያመነጨው እሱ ነው። ሞገዱን ክብ የብረት እቃ ውስጥ አስገባዋለሁ። የእቃው ስፋት ከሞገዱ ልክ ጋር ከገጠመ ሞገዱ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰ ይበረታል፣ ይበረታል፣ መጨረሻ መሃል ላይ ያለውን አየር ያነደዋል። ያለ ክብሪት፣ ያለ ናፍጣ። ፕላዝማ ይሉታል። በዚያ ነበልባል ያለፈ አየር ውሃ ውስጥ ቢገባ ለጥጥ ማሳ ማዳበሪያ ይሆናል። ወረቀት ላይ እንግዲህ። መጽሐፉ እቃውን "ሬዞናንስ ካቪቲ" ይለዋል። ተማሪዎቼ "የቲቸር ጣሳ" ይሉታል።

ዛሬ ሐሊማ መጣች። የሰርዶ ልጅ፣ አፋር። አንደኛ ዓመት ሳለች ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ስለ ሞገድ የመጀመሪያውን ነገር ከኔ ሰሌዳ ነው የገለበጠችው። አዲስ አበባ ማስተርሷን ጨርሳ እዚሁ ሰመራ፣ ዩኒቨርሲቲያችን አስተማሪ ሆና ተመለሰች። የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ዶ/ር አለሙ በመስኮቱ በኩል ያለውን ጠረጴዛ ሰጣት። እኔ ከመጣሁ ጀምሮ የለመንኩትን። ስታየኝ ብድግ ብላ በሁለት እጇ ጨበጠችኝ። እናቷ የላከችውን የግመል ወተት ሰጠችኝ። እንኳን ደህና መጣሽ አልኳት። ከልቤ ነበር። ይመስለኛል።

ሚያዝያ 3፣ ዓርብ። ሎጊያ፣ ቤት

ወተቱን ለጎረቤት ሰጠሁ። የግመል ወተት ሆዴን ያመኛል አልኩ። አያመኝም።

ጣሳዬን ወደ ሰይድ መለስኩት። ሰይድ ባሌ ነው፤ ቶርኖ ቤቱ ፊት ለፊት፣ እኛ ከጀርባ። ቀኑን ሙሉ የጅቡቲ መኪኖች በራችን ላይ ተደርድረው ተራ ይጠብቃሉ። የጣሳው ውስጥ ክብ አይደለም፣ የፀጉር ያህል ወደ አንድ ወገን ያጋድላል ብዬ ለካሁና አሳየሁት። እጁን በጨርቅ ጠራረገ። ተቀብሎ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር አስቀመጠው። ይሄ ተሳቢ ይውጣ፣ ከዚያ አለ። "ከዚያ" ከበጋ ጀምሮ ነው። ካንዱ ተሳቢ ኋላ ሌላ ተሳቢ አለ።

ሚያዝያ 7፣ ማክሰኞ

ሐ. ላብራቶሪ ገባች። (ስሟን ሙሉውን መጻፍ ከበደኝ። ሐ. ይበቃታል።) የኔን ንድፍ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ፣ በጣም በትሕትና፣ መሃሉ ላይ ሾጣጣ ዘንግ ቢቆምስ አለችኝ። ኃይሉ ጫፉ ላይ ይሰበሰባል፤ ትንሽ ሞገድ ይበቃዋል።

ልክ ናት። ገና ከአፏ ሳይወጣ ልክ እንደሆነች አወቅሁ። ይሄን ሁሉ ጊዜ ለምን እኔ አልታየኝም? ባዶ ጣሳ ውስጥ አፍጥጬ ከረምኩ።

የራሷን ልትሠራ ነው። ፈቃዴን ጠየቀች። ምን እላለሁ፣ አየር የኔ አይደለም። ጥሩ ቶርኖ የሚሠራ የት አገኛለሁ ስትለኝ ግን አፌ ቀደመኝ። ባሌ ነው፣ ከዚህ እስከ ዲቾቶ እንደሱ ያለ የለም አልኳት። እየኮራሁ። አፌን ምነው በያዘኝ።

ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ

የሷ ተሠራ። ሳምንት አልፈጀም።

ለሷ ሲባል ተሳቢው ቆሞ ነው የተሠራው። ሰይድ ውስጡን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ወልውሎታል። ማንም ወልውል ሳይለው። ፊቴን አየሁበት፤ ሰፍቶ፣ ጠቁሮ፣ አፉ ወርዶ። የኔ አሁንም ከጠረጴዛው ሥር ነው፤ ላዩ ላይ የፍሬን ከበሮ ተቀምጦበታል።

እራት ላይ አላናገርኩትም። ምን ሆነሻል አለ። ሙቀቱ አልኩ። እዚህ አገር ሙቀት ለሁሉ ነገር ይበቃል፣ አልሐምዱሊላህ።

ሚያዝያ 16፣ ሐሙስ። ጠዋት

በራ።

የሷ ነው የበራው። እኔ በሩ አጠገብ ነበርኩ። መቃኛው ያለው ከጀርባ ስለሆነ እሷ ከጀርባ ቆማ ብሎኑን በቀስታ ታዞራለች፤ ፊቷ ክዳኑን ሊነካ ምንም አልቀረውም። መጀመሪያ ጠቅ የሚል ድምፅ። ከዚያ፣ ከፊት ባለችው የወንፊት መስኮት በኩል፣ ሾጣጣው ጫፍ ላይ ወይን ጠጅ ነጥብ። ነጥቡ ቆመ፣ ወፈረ፣ ነጭ ምላስ ሆኖ ተነሳና እንደ ቀፎ ማጉረምረም ጀመረ። መብረቅ ከወደቀ በኋላ የሚሸተው ሽታ ክፍሉን ሞላው። ውስጡ የሚነድ ነገር የለም፤ አየር ብቻ ነው። ሳላስበው ማሻአላህ አልኩ በሆዴ። በጣም ያምራል። ያን ያህል ባያምር ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ጭብጨባ። ስልክ ሁሉ ወጣ። ዶ/ር አለሙ የሷን ትከሻ መታ መታ አደረገ። እሷ ዞር ብላ ሰው ሁሉ እየሰማ "ሞገድን ያስተማሩኝ ቲቸር ጦይባ ናቸው" አለች። ሁሉም ወደኔ ዞሩ።

ጥሩ ነው አልኩና እጄን ልታጠብ ወጣሁ። እጄ ንጹሕ ነበር። ቢሆንም ታጠብኩት፣ ውሃው እስኪፈላ ድረስ። ቱቦው ፀሐይ ላይ ነው የተዘረጋው።

ብትሰድበኝ፣ ብትኮራብኝ ይቀለኝ ነበር። ምስጋናዋን የት ላድርገው?

ሚያዝያ 18፣ ቅዳሜ

ከገበያ ስመለስ ሐ. ቶርኖ ቤታችን ውስጥ በርጩማ ላይ። ሻይ ይዛለች። በኛ ብርጭቆ። ሰይድ ማሽኑን አቁሞ የሆነ ነገር እያስረዳት ይስቃል። ሰይድ ሲሠራ አይስቅም። እኔ ጋ አይስቅም።

ታናሽ እህቷም አብራት ነበረች፤ ያንን ያየሁት ኋላ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ብርጭቆውን ነው።

ሲሄዱ ተጣላን። የኔን ለምን እንደማይሠራ ጠየቅሁት። ተሳቢው፣ መብራቱ፣ ብረቱ አለ። አልተውኩትም። መፍቻውን አስቀመጠ።

"እሷ ሳሳያት ይሄ ጥሩ ነው ትለኛለች። አንቺ ሥራዬን እንደ ተማሪ ፈተና ነው የምታዪው። ስሕተቱን ብቻ፣ በቀይ።"

"ታዲያ እሷን አግባት" አልኩ።

ቆቡን አንስቶ ለዐስር፣ ለከሰዓቱ ሰላት ወጣ። ኋላ ብዙ ቆይቶ ነው የመጣው። የመስጊዱ መንገድ ያን ያህል አይርቅም።

ሚያዝያ 20፣ ሰኞ። አዋሽ

እማ ጋ መጣሁ። ትናንት ሙሉ ቀን መንገድ። ሚኒባሱ ውስጥ ለሸንኮራ ቆረጣ የሚወርዱ የደጋ ልጆች ነበሩ፤ መስኮት ክፈቱ፣ ዝጉ እያሉ ሲከራከሩ ደረስን። የእማ ሆቴል ያው ነው። ከወሎ መጥተው ከአባዬ ጋር የከፈቷት፣ በባቡር ጣቢያው በኩል፣ ጥብስና ፓስታ፣ ከጀርባ ስድስት አልጋ። ማንም ምን ሆንሽ ሳይለኝ ሽንኩርት ከተፋ ላይ ተቀመጥኩ። ለማልቀስ የተመቸ ሥራ ነው።

ነገርኳት። ስለ ጣሳው ሳይሆን ስለ ልጅቷ። ተማሪዬ ነበረች፣ ጠረጴዛዬን ወሰደች፣ ሥራዬን ወሰደች፣ አሁን ደግሞ ሰይድ። እማ ሥጋውን እየመተረች ሰማችኝ። ሰይድ እንኳ ያንን አያደርግም አለች፣ ስለዚህ ብዙ አልተጨነቀችም። ከዚያ፦

"ልጄ፣ ሰው ዱዓ ሲያደርግ ምቀኛ አታሳጣኝ ይላል። ምቀኛ ያበረታል።"

"እኔ ስለ ምቀኛ አይደለም የምነግርሽ እማ። እሷ አትመቀኘኝም።"

"እሱንማ ሰማሁሽ እኮ" አለች።

ቢላዋዋን ስላ ቀጠለች። የገባኝ ወደ ጓዳ ሄጄ ስመለስ ነው። ዱዓው የሐ. ነው። ምቀኛዋ እኔ ነኝ።

ሚያዝያ 22፣ ረቡዕ። ሰመራ

በችኮላ ነው የምጽፈው፣ ጽሕፈቴን ይቅር በይኝ።

ነገ እንግዶች ይመጣሉ፤ ከክልሉ፣ ከጥጥ እርሻው። ነበልባሉን አይተው ከተስማሙ አዲስ አበባ ኤግዚቢሽን ይሄዳል። ሐ. ቀኑን ሙሉ ስትለማመድ ዋለች። ዓይኗን ታሻለች። አሸዋ የገባበት ይመስላል፣ ነፋሱ ነው አለች። ራሷንም ያማታል።

እኔ ወረቀት ሳርም ነበር። ቀና ስል ከጠረጴዛዋ ኋላ ግድግዳ ላይ የተደገፈ ሸምበቆ አምፖል፣ ፍሎረሰንት የሚሉትን፣ አየሁ። አሮጌ፣ ከጣራ የወረደ። ከምንም ጋር አልተያያዘም። አንዱ ጫፉ በርቷል። ደብዘዝ ብሎ፣ እንደ ወተት። ማግኔትሮኑን ስታጠፋ ጠፋ። ስታበራ ቆይቶ፣ ጣሳው ሲግል፣ እንደገና በራ።

ሞገድ ይወጣል፤ ሽቦ የሌለውን አምፖል የሚያበራው እሱ ነው። ክዳኑ ሲግል በጀርባ በኩል ከፍ ይላል፤ በዓይን የማይታይ ክፍተት ይበቃል። እዚያ ክፍተት ላይ የሚቆመው የሷ ፊት ነው። ያ ሞገድ ውሃ የሚያፈላ ነው። ዓይን ደግሞ ውሃ ነው።

ወዲያው ነገርኳት። አጥፊው አልኳት። አጠፋችው። አስረዳኋት። ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰማችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ፦

"ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከበራ ጀምሮ ደስ አላለዎትም።"

አምፖሉ የነበልባሉ ነጸብራቅ ነው አለች። ብርሃን ነው። ነገ ካለፈ በኋላ እናየዋለን።

ዶ/ር አለሙ ጋ ሄድኩ። ብዕሩን ዘጋ፣ ከፈተ። ጦይባ፣ እንግዶቹ ተጠርተዋል፣ አንቺም ጊዜሽ ይመጣል አለኝ። ጊዜሽ ይመጣል! ሕፃን እንደሚያባብል።

ቤት ገብቼ ለሰይድ ነገርኩት። ክዳኑን የሠራው እሱ ነው። ቢያንስ እሱ ብዬ። ደግሞ መጣሽ አለ። እንደዚያ ብቻ።

ማንም አላመነኝም። እኔ ብሆን እኔን አምን ነበር? ሁለት ሳምንት ሙሉ ፊቴ ላይ የተጻፈውን ሁሉም አንብቦታል። አሁን እውነት ስናገር ያው ጽሑፍ ነው የሚታያቸው።

ሚያዝያ 23፣ ሐሙስ። ማለዳ

የላብራቶሪው ሁለቱም ቁልፎች እኔ ዘንድ ናቸው። አንዱ የኔ፣ አንዱ ትናንት ከጽዳቷ የተቀበልኩት። በሩ ተቆልፏል። አልከፍትም።

ባጃጅ ውስጥ ራሴን ጠየቅሁ። ስለ ዓይኗ ነው? ወይስ እንግዶቹ ነበልባሏን እንዳያዩ ነው? ወላሂ መልሱን አላውቅም። ሁለቱም ይመስለኛል። ግን ተማሪዎቹ ሊያዩ ሲጋፉ እዚያው ጀርባ ላይ ነው የሚቆሙት። የኔ ልብ እስኪጠራ ድረስ ያ ክዳን አይጠብቅም።

ያው ዕለት። ከሰዓት በኋላ

ዶ/ር አለሙ በሩ ላይ ጮኸ። እንዲህ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ቁልፉን አምጪ አለ፤ እንቢ አልኩ። እንግዶቹን ቢሮው ወስዶ ለስላሳ ጋበዛቸው። ተማሪዎቹ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ያዩኛል። አንዲቱ ለሌላይቱ የሆነ ነገር ሹክ አለቻት፤ ምን እንዳለቻት መገመት አያቅትም።

ሐሊማ መጣች። አልጮኸችም። ዓይኗ ቀልቷል፣ ከለቅሶ ይሁን ከዚያኛው አላውቅም። ለምን እንዲህ ያደርጉኛል አለችኝ። ሌላ ሰው አልነበረም፣ አንቱታዋን ግን አልተወችም።

እኔ አልፈርድም፣ አንቺ ራስሽ ለኪው አልኳት። ሁለታችን ብቻ ገብተን ከውስጥ ቆለፍኩ። ነበልባሉን በጥቁር ጨርቅ ጋረድነው፣ ነጸብራቅ የለም እንድትል። እኔ ማብሪያው ጋ ቆምኩ። እሷ አምፖሉን በረጅም የእንጨት ዘንግ ጫፍ ላይ አስራ ያዘች፤ እሱንም ያልኳት እኔ ነኝ። ጣሳው እስኪግል ጠበቅን። ከፊት አዞረችው፤ ጨለማ። ከቀኝ፤ ጨለማ። ወደ ጀርባ ስታመጣው ከጫፍ እስከ ጫፍ በራ። ወደ ኋላ ሳበችው፤ ደበዘዘ። እንደገና አስጠጋችው፤ በራ።

ብዙ ጊዜ እንደዚያ አደረገች። ከዚያ "አጥፉት" አለች።

በርጩማው ላይ ተቀመጠች። የራሷን ጉንጭ በመዳፏ ነካች።

"እዚህ ጋ ነበር ፊቴ" አለች።

ውሃ ቀዳሁላት። ከዚያ ራሷ በሩን ከፍታ ወጣችና ለእንግዶቹ ዛሬ አይሆንም፣ እቃው ችግር አለበት አለች። ችግር አለበት ስትል ድምጿ ተቆረጠ። እኔ ያንን ስሰማ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፣ አንድ ጊዜ። አላለኝም። ትንሽ ብቻ። ትንሽ ግን አለኝ፣ ላንቺ አልዋሽም።

ሚያዝያ 27፣ ሰኞ

ቅዳሜ ሐሊማን ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሙ ዓይኗን በመብራት አየው። ላዩ ተቆጥቷል፣ ውስጡ ግን ደህና ነው አለ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ተመለሺ። አልሐምዱሊላህ። ስንወጣ ፀሐይ መታን፤ መነጽሬን ሰጠኋት። አላመሰገነችኝም። በሩን ስለቆለፍኩ ከዶ/ር አለሙ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሶኛል። ይገባኛልም አይገባኝምም።

ሰይድ ሰምቷል። ሌሊቱን ተገላብጦ አደረ። ጠዋት ሻይ ሳይጠጣ ክዳኑን ማሽን ላይ አሰረ። የሷ ሐሳብ ነው፤ ክዳኑ ዙሪያውን ጠለቅ ያለ ቦይ ይቆረጥበት፣ ሞገዱ ሊወጣ ሲል እዚያ ገብቶ ራሱን ያጠፋል። የቦዩን ልክ አውጥታ ላከችልኝ። ልክ ናት፤ ደግሞ። እኔ ክፍተቱን አገኘሁ፣ እሷ መድኃኒቱን። ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው ይሄ?

ሰይድ ቀጭን ቀጭን እየላገ፣ እኔ እየለካሁ ዋልን። ሁለት ጊዜ ተበላሸበት፤ ከአዲስ ብረት ጀመረ። ሦስተኛውን ለካሁት። "ይሄ ጥሩ ነው" አልኩ።

ማሽኑን አጠፋ።

"ምን አልሽ?"

"ይሄ ጥሩ ነው።"

በክንዱ ፊቱን ጠረገ፤ ላብ ነበረው። ብረቱን ከዚህ በፊት እንዳላየው ሁሉ አገላብጦ አየው።

ግንቦት 5፣ ማክሰኞ

እንግዶቹ ተመልሰው መጡ፣ አዩ፣ ተስማሙ። አምፖሉን በዙሪያው አዙረን አሳየናቸው፤ ጨለማ። አዲስ አበባ ይሄዳል። አቅራቢ ሐሊማ። አንድ ረዳት ይፈቀዳል።

ዶ/ር አለሙ ሁለት ወጣት መምህራንን ጠቁሞ ምረጪ አላት። ሐሊማ፣ ቲቸር ጦይባ ይሁኑ አለች። እኔ እዚያው ተቀምጬ። ዶ/ር አለሙ ዓይኑን ጣሪያ ላይ አደረገ። ለምን ሲላት፣ ጣሳው ሲግል ከቅኝቱ ይወጣል፣ በጆሯቸው ሰምተው የሚመልሱት እሳቸው ብቻ ናቸው አለች። ፍቅር አልነበረበትም፤ እኔንም አላየችኝም። የቦዩን ልክ እንዳወጣችው ነው የተናገረችው፣ አስልታ።

ረዳት። የተማሪዬ ረዳት። ሰው ስሟን ሲጠራ እኔ ገመድ እጠቀልላለሁ።

ከሰዓት ኮሪደሩ ላይ ደረስኩባት። ለምን እኔን? አልኳት። ቆም አለች።

"ከእርስዎ ጋር መሆን ደስ ስለሚለኝ አይደለም" አለች። "የማይወዱኝ ሰው ነዎት። ግን ጣሳው ቢያፈስ ይነግሩኛል።"

አልወድሽም አልልም አልኳት። እሺ አለች። ወደየክፍላችን ገባን።

ማታ ለሰይድ ነገርኩት። ትሄጃለሽ ወይ አለ። ተነስቼ አንቺ ጋ መጣሁ።

እሄዳለሁ። ነገ ጠዋት ለዶ/ር አለሙ እነግረዋለሁ። ቅናቱ አልለቀቀኝም፤ ዛሬም ጠዋት ነበልባሉን ስታበራ ጥርሴን ነክሼ ነው ያየሁት። ይሁን። እሱም ይሳፈር፣ ቦታ አይይዝም።

ጎህ ሲቀድ ብንነሳ መኪናው ለምሳ አዋሽ ይደርሳል። እማ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች፤ ይቺ ማን ናት ትለኛለች። ያቺ የነገርኩሽ ናት አልልም። ተማሪዬ ነበረችም አልልም። አለቃዬ ናት፣ ጥሩውን ጥብስ ለእሷ አድርጊላት እላለሁ።

ከሎጊያ እስከ አዋሽ መንገዱ ረጅም ነው። እስክንደርስ እለማመደዋለሁ።